የራስ ደጅ

አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት በጸሐፊነት አገልግሏል። የደመወዝ ጭማሪ ባሰበ ቁጥር ከአለቃው በር ላይ ቆሞ ይውል ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ ቀን ብዕሩን አስቀምጦ ወጣ፤ የዕቁብ ዕጣ ሲደርሰው ደግሞ አንድ ሲንጀር የእግር መኪና ገዛ። እናቴ አለቀሰች። ዘመዶቻችንም «የመንግሥት እንጀራ ጥሎ ልብስ ሰፊ ሆነ» እያሉ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

ለምን አለቀሱ? ጥያቄውን እየዋለ እያደረ ሳመነዥከው ኖሬያለሁ፤ መልሱም ከእኛ ቤት የራቀ፣ ከእኛም ቤት የቆየ ሆኖ አገኘሁት።

በድሮው ሥርዓት ሰው የሚከበረው ሲያርስ፣ ሲቀድስ ወይም ሲዘምት ነበር። ሹመትና ጉልት ደግሞ የሚገኘው ደጅ በመጥናት ነው። ደጅ ጠኚው ስንቁን ቋጥሮ ከአገሩ ይመጣል፤ ከጌታው ግቢ አጠገብ ይሰፍራል፤ ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፤ ሲገባም እጅ ይነሣል። ዓይን እስኪገባ ድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። ይህ ውርደት አልነበረም፤ እንዲያውም የጨዋ ልጅ ወግ ነበር። ውርደት የሚባለው በእጅ ሠርቶ መሸጥ ነው። ብረት ቀጥቃጩ «ቡዳ» ይባላል፤ ሸማኔውም ሸክላ ሠሪዋም በየሙያቸው ይሰደባሉ። ንግዱም በደጋው አገር ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የሙስሊም ነጋዴዎች ሥራ ሆኖ ቆይቷል። በአዲስ አበባ ደግሞ ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩና የመኑ ቀድመው ሱቅ ከፈቱ፤ የመንደሩን ትንሽ ሱቅ «ዐረብ ሱቅ» እያልን ያደግነውም ከዚያ የተነሣ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጅ ግን ምላስን ቶሎ አይገራም፤ ከስድሳ ዓመት ግድም በኋላ እንኳ የእኛ ዘመዶች ሲሰድቡ ሰምቻለሁ።

ከሁሉ አስቀድመው የራሳቸውን ደጅ የከፈቱት፣ በእኔ ግምት፣ ሴቶች ናቸው። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ለእነሱ ብዙ ገጽ አልሰጧቸውም። ከባሏ ተጣልታ ወይም ድኻ ሆና ወደ ከተማ የወጣች ሴት ይዛው የምትመጣው ርስት የላትም፤ ያላት ሙያዋ ነው። ጠላ ትጠምቃለች፤ ጠጅ ትጥላለች፤ አረቄ ታወጣለች። ከቤቷ ደጅ እንጨት ተክላ ጣሳ ትደፋበታለች፤ ያ ጣሳ የንግድ ፈቃዷም ማስታወቂያዋም ነው። የሰካራሙን ስድብ ችላለች፤ የጎረቤቱንም ሐሜት ችላለች። ማታ ግን በሯን ዘግታ የምትቆጥረው ሳንቲም የማንም ባል፣ የማንም ጌታ ፈቃድ አልነበረበትም። ብዙ የተማረ ሰው በዚያ ሳንቲም ነው ያደገው።

ወደ አባቴ ልመለስ። በ1968 ዓ.ም. ደርግ የግል ንግድን የሚገድብ ዐዋጅ አወጣ። የካፒታሉ ጣሪያ ለጅምላ ንግድ 300,000 ብር፣ ለችርቻሮ 200,000፣ ለአነስተኛ ኢንዱስትሪ 500,000 ሆነ፤ አንድ ሰውም ከአንድ ፈቃድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። አባቴ ይህን በራዲዮ ሲሰማ ሳቀ። አንድ መኪና፣ አንድ መቀስና አንድ የከሰል ካውያ ላለው ሰው ሁለት መቶ ሺሕ ብር ጣሪያ ሳይሆን ሰማይ ነው።

ሳቁ አልቆየም። ጨርቅ ጠፋ፤ ክር ጠፋ። አቡጀዲድ ሲመጣ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ በር ላይ ሰልፍ ነው፤ ካርድ ይዞ መቆም፣ ሻጩን ማባበል፣ «ነገ ተመለስ» ሲሉት መመለስ። የሸሸው ደጅ ጥናት በሌላ በር ዞሮ መጣበት። እንግዲህ ነፃነቱ ሙሉ ነበር ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። የካፒታሉ ጣሪያ በ1982 ዓ.ም. በቅይጥ ኢኮኖሚው ሲነሣ እሱ ዓይኑ ደክሞ መርፌውን ክር የምታስገባለት እኅቴ ነበረች። አብረውት የነበሩት ጸሐፊዎች በየወሩ ጡረታቸውን ሲቀበሉ እሱ ታፋው ላይ የደንበኛ ሱሪ ዘርግቶ ይጠግን ነበር። እናቴ ይህን አንሥታ ስትወቅሰው መልስ አልነበረውም፤ እውነቷን ነበርና።

ይሁን እንጂ አንድ ከሰዓት በኋላ አልረሳም። ያ የቀድሞ አለቃው ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ማን ዘንድ እንደመጣ ያወቀው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ደነገጠ። እኔና እኅቴ ተያየን፤ አሁን አባባ ደጁ ላይ ያቆመዋል፣ ያመላልሰዋል ብለን ጠበቅን። አባቴ ግን ተነሥቶ እጅ ነሣው፤ በሜትር ለካው፤ «ሲመሽ ይደርሳል፣ ጌታዬ» አለው። እንዳለውም አደረሰለት።

«ለምን አላመላለስከውም?» አልኩት ሰውየው ከሄደ በኋላ።

«ምን አግብቶኝ? ደንበኛ ነው» አለኝና መኪናውን በዘይት ያብስ ጀመር። ሂሳቡን ሁለት ብር ተቀብሎታል፤ አምስት ሳንቲም አልቀነሰለትም።