ጉርድ ፎቶግራፍ ያቆየው ካሜራ

ካሜራ ወላይታ የገባው ከጦር ጋር ነው። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በወላይታው ንጉሥ በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ፣ ቫንደርሄም የተባለ ፈረንሳዊ የንግድ ወኪል ከሠራዊቱ ጋር ተጉዞ ነበር። ያየውን የጻፈበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ታተመ፤ በውስጡ ያሉት ሥዕሎችም ራሱ ካነሳቸው ፎቶግራፎች የተቀረጹ ናቸው። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ካሜራውም አብሮት ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1928 ወላይታ ሶዶ የደረሱት የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሚሲዮናውያንና ከእነሱ በኋላ የመጡ የውጭ አጥኚዎችም ያነሱትን ይዘው ሄዱ። አዲስ አበባ ግን በዚያ ዘመን ፎቶ ቤት ነበራት፤ አርመናዊው የቦያጂያን ቤተሰብ፣ አባት ቤድሮስ ከዚያም ልጆቹ፣ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ሲያነሱ ኖረዋል። እንግዲህ ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ ሲጻፍ የተለመደው ጥያቄ «ካሜራ መቼ መጣ?» የሚል ነው። እንደ በዴሳ ላለች የወላይታ የወረዳ ከተማ ግን ይህ ጥያቄ ብዙ አይፈይድም። ቁም ነገሩ ካሜራ መቼ ቀረ፣ ማለትም የከተማው ነዋሪ የሆነው መቼና በምን ምክንያት ነው የሚለው ነው። የኔ መልስ ካሜራን በከተማው ያቆየው ጉርድ ፎቶግራፍ ነው የሚል ነው፤ ፎቶ አንሺው አሮጌ ካሜራውን ሲያስጠግንም ሆነ ያገለገለ ሌላ ሲገዛ የሚያስበው ሐሳብ ሁሉ ከዚያ የተወረሰ ነው።

ማስረጃው መንግሥት ከዜጋው የሚጠይቀው ወረቀት ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ ካደራጀ በኋላ የቀበሌ መታወቂያ የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ሆነ፤ መታወቂያ ደግሞ ፊት ይፈልጋል። የፈተና መግቢያ ካርድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሥራ ቅጥር ማመልከቻ፣ ሁሉም በአንድ ሐረግ ያልቃሉ፤ «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ» ይላሉ፣ አንዳንዱ አራት ይጠይቃል። ሰው ለፎቶግራፍ ያለው ፍቅርስ የት ደረሰ የሚል ይኖራል። በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ዕለት፣ ልብሱን ለብሶ ከቤተሰቡ ጋር የሚነሳ፣ ለወታደር ልጁ ፎቶ የሚልክ፣ ሙሽራውን አጠገቡ አቁሞ የሚነሳ አልነበረም ወይ? ነበረ፤ በግድግዳ መስታወት ጥግ የሚሰኩት ፎቶዎች ምስክር ናቸው። ዳሩ ግን ጊፋታ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ የቤት ኪራይ ግን በየወሩ ነው። በዓል ለፎቶ ቤቱ ትርፍ ቢያመጣለትም በሩን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ያደረገለት የጽሕፈት ቤቱ ወረፋ ነው። ፎቶ ቤቶች በየከተማው ከወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ከፍርድ ቤትና ከትምህርት ቤት አቅራቢያ መደርደራቸውም ለዚህ ነው።

ጉርድ ፎቶ ከካሜራ የሚፈልገው በጣም ጥቂት ነው። ሰውየው በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ከኋላው መጋረጃ አለ፣ ርቀቱ አይለወጥም፣ መብራቱም ያው ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺው አዲስ ካሜራ የሚያስመኘው ነገር የለውም፤ የሚያስፈራው ግን አለ፣ እሱም የያዘው ካሜራ መቆሙ። በፊልሙ ዘመን አንድ ጥቅል ሠላሳ ስድስት ፎቶ ብቻ ይይዝ ስለነበር እያንዳንዷ ጠቅታ ተቆጥራ ትወጣ ነበር። ጥቁርና ነጩ እዚያው ጨለማ ክፍል ይታጠባል፤ የቀለም ፊልም ግን ወደ ትልልቅ ከተሞች ማጠቢያዎች መላክ ነበረበት። ዛሬ ያንን ጊዜ በናፍቆት የሚያነሱ ሰዎች የድሮው ካሜራ ሜካኒካል ስለነበር ማንም የሰዓት ሠራተኛ ይፈታው ነበር፣ ዲጂታል መጥቶ ጥገናን ገደለ ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ብሎንና ሞላ የለመደ እጅ ያንን ካሜራ ይፈታው ነበር። የሙያው ደም ሥር ግን ፊልሙ፣ የማጠቢያ ኬሚካሉና ወረቀቱ ነበር፤ ሦስቱም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ኮኒካ ሚኖልታ እ.ኤ.አ. በ2006 ከፎቶ ሥራ መውጣቱን ሲያስታውቅ፣ ኒኮን በዚያው ዓመት አብዛኛዎቹን የፊልም ካሜራዎቹን ማምረት ሲያቆም፣ ኮዳክ በ2012 የኪሳራ መዝገብ ሲከፍት፣ በቶኪዮና በሮቸስተር የተወሰነው ውሳኔ እዚህ ያለውን ጤነኛ ካሜራ ሥራ አስፈታው። አንዲት ብሎን ሳትላላ ማለት ነው። ስለዚህ የድሮው ሙያ በራሱ የቆመ ነበር ማለት አይቻልም፤ ጥገኝነቱ ያለው ካሜራው ውስጥ ሳይሆን ካሜራው የሚበላው ነገር ላይ ነበር።

ዲጂታል ካሜራ ጥገኝነቱን ወደ ውስጥ አስገባው። ጠቅታው ነፃ መሰለ፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ቦታ ይያዛል። ካነን አምስት ዲ ማርክ ሁለት ሼተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) 150,000 ጊዜ ያህል እንዲከፈትና እንዲዘጋ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የአነስተኞቹ ዕድሜ 100,000 ገደማ ነው። በቀን ሠላሳ ደንበኛ የሚያስተናግድና ለአንዱ ሦስት ጊዜ የሚጫን ፎቶ ቤት በቀን ዘጠና ጠቅታ ያወጣል፤ 100,000ው በሦስት ዓመት ገደማ ያልቃል። በዓመት ጥቂት መቶ ፎቶ የሚያነሳ የአውሮፓ ጎብኚ ግን ያንኑ ካሜራ ዕድሜ ልኩን ቢይዘው አይጨርሰውም። ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ ዋናው ጥያቄ ስንት ዓመቱ ነው ሳይሆን በማን እጅ ነበር የሚሆነው ስለዚህ ነው። ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል፤ ብዙዎቹ የካነን ካሜራዎች ግን ይደብቁታል፣ ሻጭም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

በሽታዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የከተማው ጥገና ታሪክ የተሠራውም በዚህ ልዩነት ላይ ነው። የመጀመሪያው የካነን አምስት ዲ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው፣ መስታወቱ ከማቀፊያው ተላቅቆ የመውደቅ የታወቀ ችግር ነበረበት። ኩባንያው በነፃ ይጠግን ነበር፤ የአገልግሎት ማዕከል በሌለበት አገር ደግሞ በጥሩ ማጣበቂያና በማይንቀጠቀጥ እጅ ይመለሳል። በካነን ስክሪን ላይ የሚወጣው «ስህተት 99» ባለሙያ ያልሆነውን ሰው ሲያስደነግጥ ኖሯል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሌንሱና ካሜራው የሚገናኙባቸው የብረት ነጥቦች ቆሽሸው እንጂ ካሜራው ሞቶ አይደለም፣ አልኮል የነካ ጨርቅ ይበቃዋል። ከዚህ ተቃራኒው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የታወቀው የሶኒ ብርሃን መቀበያ ችግር ነው። ከ2002 እስከ 2004 በተሸጡ የብዙ ኩባንያዎች ካሜራዎች ውስጥ የነበረው ይህ ዕቃ ሙቀትና እርጥበት ሲበዛበት የውስጥ ሽቦው ይላቀቅና ስክሪኑ ይጠቁራል ወይም ሐምራዊ ይሆናል። ያንን ማንም ሰፈር ውስጥ አይጠግነውም። እርጥበት ሌንስንም አይምርም፤ በልግና ክረምት በሚዘንብበት አገር በቆዳ ቦርሳ ተቆልፎ የተቀመጠ ሌንስ ውስጡ ሻጋታ ያበቅላል። (ሌንሱን ወደ መስኮት አቅንቶ ማየት ምንም ዋጋ አያስከፍልም፤ የሚያየው ገዢ ግን ጥቂት ነው።) ዛሬ ካሜራ ከፍቶ የሚያየው በአብዛኛው ሞባይል ጠጋኝ ነው። እንደ ወረቀት የሳሳውን የውስጥ ጥብጣብ ሽቦ መለወጥ ለእሱ አዲስ አይደለም፤ ሞባይል ላይ የማያውቀው ነገር የፍላሹ ኮንደንሰር ነው፣ ባትሪው ከወጣ በኋላም 300 ቮልት ገደማ ይዞ ይቆያል።

እንግዲህ «የተሻለ ካሜራ» የሚለው ቃል እዚህ ምን ማለት ነው? መልሱን ከካሜራ ካታሎግ ይልቅ ከመኪና ገበያ መፈለግ ይሻላል። ኢትዮጵያዊ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዕቃው ይገኛል ወይ?» ብሎ ነው፤ ቶዮታን ያነገሠው ይህ ጥያቄ ነው። የፎቶ ቤቱ ባለቤትም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። ካነን የሌንስ መግጠሚያውን እ.ኤ.አ. በ1987 ከለወጠ ወዲህ የዚያን ዘመን ሌንስ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በተሠራ ካሜራው ላይ መግጠም ይቻላል፤ የኒኮን መግጠሚያ መነሻው እ.ኤ.አ. 1959 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 ባለው ጊዜ የወጡት የካነን 550 ዲ፣ 600 ዲ፣ 650 ዲ እና 700 ዲ አንድ ዓይነት ባትሪ ይበላሉ፤ አንዱ ሲሞት ቻርጀሩ፣ ሌንሱና ባትሪው ለወንድሙ ይተርፋሉ። የሞተ ካሜራ የማይጣለው ለዚህ ነው፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ለዕቃ ይፈታል። ከዚህ አንጻር በብዛት የተሸጠና ተራ የሚባል ካሜራ፣ እምብዛም ከማይገኝ ምርጥ ካሜራ ይበልጣል። ይህን ድህነት የወለደው ምርጫ ነው፣ ምርጫም አይባልም የሚል ተቃውሞ አለ። ድህነቱ አይካድም። ነገር ግን ስሌቱ የተሳሳተ አይደለም፤ ሥራ ላይ ያለ መሣሪያ ዋጋው የሚለካው ሲሠራ በሚያሳየው ብቻ አይደለም፣ ሲቆም በስንት ቀን ወደ ሥራ በመመለሱም ነው።

ያገለገሉ ካሜራዎች የበዙት በሌሎች አገሮች ምክንያት ነው። ኒኮንና ካነን እ.ኤ.አ. በ2018 ባለ ሙሉ ፍሬም መስታወት አልባ ካሜራዎቻቸውን ካወጡ በኋላ የሀብታም አገር ባለሙያ የቆየ ካሜራውን ወደ ገበያ አወጣ፤ ብዙ ያልተሠራባቸው ካሜራዎችም በተጓዥ ሻንጣ መምጣት ጀመሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ግን በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ በመጠገኛ ዋጋና በመግዣ ዋጋ መካከል ያለው ርቀትም በዚያው ልክ ሰፋ። በዚህ መሐል የካሜራው ሥራ ራሱ ተለወጠ፣ ቪዲዮ መጣ። አምስት ዲ ማርክ ሁለት ለሠርግና ለመዝሙር ቪዲዮ የሚያምር ምስል ይሰጣል፣ ግን አንዱን ቅጂ 4 ጊጋባይት ሲሞላ፣ ማለትም 12 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ያቆመዋል። የወላይታ ሠርግ ላይ ስብከት በ12 ደቂቃ ያለቀበትን ቀን መቁጠር ያስቸግራል። ስለዚህ የቪዲዮ ሰው ሁለተኛ ካሜራ ይይዛል፣ ሁለተኛው ደግሞ ያንኑ ባትሪና ያንኑ ሌንስ የሚቀበል ቢሆን ይመርጣል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ስልክ ይህን ሁሉ ጨርሶታል የሚለው ነው። የማስታወሻ ፎቶውን ስልክ ወስዶታል፣ በዚህ ክርክር የለም። ጉርዱን ግን ለብዙ ጊዜ አልወሰደም፤ ጽሕፈት ቤቱ በትክክል የተቆረጠና የታተመ ወረቀት ስለሚፈልግ፣ በስልክ የተነሳውም ለመታተም ወደ ፎቶ ቤት ይመጣ ነበርና። የፎቶ ቤቱን መሠረት የነካው ስልክ ሳይሆን ያው ያቆመው መንግሥት ነው። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ፋይዳ መታወቂያ የተመዝጋቢውን ፊት እዚያው በምዝገባው ቦታ ያነሳል፤ የአሥር ጣቶቹን አሻራና የዓይኑን ብሌን ይጨምራል። ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘህ ና አይልም። ፎቶ ቤቱ ሙሽራና ተመራቂ፣ መዝሙርና ምርቃት ይቀሩለታል፤ በርጩማውና መጋረጃው ግን ከማለዳ እስከ ማታ የሚያስቀምጡትን ሰው እየፈለጉ ነው። መደርደሪያው ላይ ለዕቃ የተቀመጠው 550 ዲ ባትሪው ወጥቶለታል፤ ሌንሱ ከጎኑ ባለው 700 ዲ ላይ ተገጥሞ ቅዳሜ ሠርግ ይሄዳል።