ሲአርፒ

ጉበት የሚያመነጨው፣ ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲነሣ በደም ውስጥ የሚበዛ ፕሮቲን ነው። ቲሌትና ፍራንሲስ በ1930 እ.ኤ.አ. በኒውዮርኩ ሮክፌለር ተቋም፣ በሳንባ ምች ሕሙማን ደም ውስጥ አገኙት። ብግነቱ ከጀመረ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ገደማ በኋላ ይጨምራል፤ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ግን በ2 ቀን አካባቢ ነው።

መዘግየቱ ልብ ይባልልኝ። ከገለምሶ፣ ከበዴሳ ወይም ከሒርና በሪፈር ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የመጣ ሕመምተኛ ቤተሰብ የላቦራቶሪ ወረቀቱን ይዞ «ስንት ሆነ?» ማለቱ አይቀርም። ቁጥሩ እሳት መኖሩን ይናገራል፤ የለኮሰው ባክቴሪያ፣ ወባ ወይም የአጥንት ስብራት መሆኑን አይለይም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዝቅ ማለቱም ዋስትና አይደለም።

ኢንፌክሽን የሚያስከትለው አደገኛ የደም ዝውውር መውደቅ፣ ሴፕቲክ ሾክም፣ በሲአርፒ አይበየንም። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ ብያኔ፣ ሴፕቲክ ሾክ የሚባለው ኢንፌክሽን የያዘው ሰው በቂ ፈሳሽ ተሰጥቶትም አማካይ የደም ግፊቱን 65 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ላይ ለማቆየት መድኃኒት ሲያስፈልገውና የደሙ ላክቴት ከ2 ሚሊሞል በሊትር ሲበልጥ ነው። ላክቴት በማይለካበት ጤና ጣቢያ የጣት ጫፍን ለ10 ሰከንድ ተጭኖ መልቀቅ ትልቅ ነገር ይነግራል፤ ቅላቱ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ደም በሚገባ እየደረሰ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው አንድሮሜዳ ሾክ ጥናት፣ በዚህ ምልክት እየተመሩ የታከሙት ሕሙማን ሞት በላክቴት ከተመሩት አልበለጠም።