የራስ ኃይሉ ሀብት ለቤተሰባቸው ምን አተረፈ?



ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ል. የጣሊያን ጦር ወደ አዲስ አበባ እየተቃረበ ሳለ የአጼ ኃይለ ሥላሴ ባቡር በኛው በአቃቂ በኩል አልፎ ወደ ጅቡቲ አቀና። በዚያ ጉዞ አንድ እስረኛም ነበሩ። ጠላት እንዳይጠቀምባቸው በሚል አብረው የተወሰዱት እኚህ ሰው በዘመናቸው ከነበሩት የኢትዮጵያ ታላላቅ ባለጸጎች አንዱ፣ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው።

ራስ ኃይሉ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ሲሆኑ ጎጃምን ለረጅም ዓመታት ገዝተዋል። ከሌሎች መሳፍንት የሚለያቸው ለገንዘብ የነበራቸው ፍቅር ነበር። በገበሬው ላይ ግብር በግብር ላይ እየደረቡ የሰበሰቡትን ብር አዲስ አበባ አምጥተው በኪራይ ቤቶች፣ በሲኒማና በታክሲ ሥራ ላይ አዋሉት። በ1916 ዓ.ል. ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረው አይተዋል። እንግዲህ ምን ቀራቸው?

የቀራቸው ሥልጣን ነበር። ለዚያም ቤተሰብ መሰላል ሆነ። ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለአልጋ ወራሹ ለልጅ ኢያሱ ዳሩ። ልጅ ኢያሱ ግን ወደ እስልምና አዘንብሏል ተብሎ በመስከረም 1909 ከሥልጣን ወረደ፤ ኋላም ተይዞ ፍቼ ላይ ታሰረ። በ1924 ዓ.ል. ከእስር ሲያመልጥ ራስ ኃይሉ በማምለጡ እጃቸው አለበት ተብለው ተከሰሱ። ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፣ ሀብታቸውም ተወረሰ። ልጃቸው አድማሱ ጎጃም ላይ ቢያምፁም አልተሳካላቸውም። አባት፣ ልጅና አማች ሁሉም በአንድ ማዕበል ተመቱ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ራስ ኃይሉ ድሬዳዋ ላይ ከባቡሩ ወርደው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱና ለጣሊያን አደሩ። በ1933 ዓ.ል. ጣሊያን ከጎጃም ሲሸሽም ጦሩ ዓባይን በሰላም እንዲሻገር ለአርበኛው በላይ ዘለቀ ከቤታቸው ሴት ልጅ ሊድሩለት ቃል ገብተው ነበር ተብሎ ይተረካል። እውነት ከሆነ፣ የቤተሰባቸው ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ መደራደሪያ ሆነች ማለት ነው። ንጉሡ ከተመለሱ በኋላ ራስ ኃይሉ በቁጥጥር ሥር ኖረው በ1950 እ.ኤ.አ. አረፉ።

ይህ የጎጃም ብቻ ታሪክ አይደለም። የሕንዱ የሀይደራባድ ኒዛም ዑስማን ዐሊ ኻን በ1937 እ.ኤ.አ. የዓለም ቁጥር አንድ ሀብታም ተብለው ነበር። በ1948 ወደ ለንደን ባንክ በተላከው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የተነሳው ክርክር የመጀመሪያ እልባት ያገኘው በ2019 ነው። ገንዘቡ ወደ 35 ሚሊዮን አድጎ ነበር፤ ኒዛሙ ከሞቱ ግን ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከፍርዱ በኋላም ሌሎች የቤተሰቡ አባላት «ድርሻችን የታል?» ብለው ዳግም ፍርድ ቤት ቀረቡ።

ወጣቶች ሆይ! ሀብት በራሱ ነውር አይደለም። ሰይዱና ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ሀብታም ነበሩ፤ ግን ገንዘባቸው ለሰው ውሃ ሆኖ ፈሰሰ። ቃሩንን ደግሞ በሱረቱል ቀሶስ እናውቀዋለን፤ ምድር ከነቤቱ ዋጠችው። ልዩነቱ ከገንዘቡ መጠን ሳይሆን ገንዘቡ ለማን እንደሚያገለግል ነው።

ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ መሬት ዋጋ ሲያወጣ፣ መጋዘንና ፎቅ ሲበዛ፣ በአንድ ካርታ ምክንያት ለዒድ እንኳን የማይጠያየቁ ወንድማማቾች በየሰፈሩ አሉ። አላህ የውርስን ድርሻ ለይቶ የደነገገው ይህ እንዳይሆን ነበር። አባትህ በሕይወት ሳሉ ድርሻው በግልጽ ይነገር፣ ኑዛዜው ይጻፍ፣ የእህትህ ሐቅ ይከበር። ከእህትህ ጋር ተኮራርፈህ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ማታ ደውልላት።