ሲክል ሴል በኡጋንዳ፦ የታመሙት ሲቆጠሩ ከቆጠራው የሚቀሩት እነማን ናቸው?

በኡጋንዳ መዲና ካምፓላ በሚገኘው የሙላጎ ሆስፒታል የሲክል ሴል ሕክምና ለሚከታተሉ ሕፃናት ወላጆች ሐኪሞች የሚሰጡት ማብራሪያ አጭር ነው፦ እናትም አባትም የዘረ መሉ ተሸካሚ ከሆኑ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና የታመመ ልጅ የመወለድ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ሁለት ልጆች ያሏትና አንዱ የታመመባት እናት ግን በቤቷ የምታየው ግማሹን ነው።

ሲክል ሴል ቀይ የደም ህዋሳት የማጭድ ቅርጽ ይዘው ቀጫጭን የደም ሥሮችን እንዲዘጉ የሚያደርግ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ተሸካሚ እንጂ ታማሚ እንደማይሆን፣ ታማሚው ከሁለቱም የወረሰው እንደሆነ የተረጋገጠው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1949 ነው። ማስረጃው የቤተሰቦች ምርመራ ነበር።

ቤተሰብን መቁጠር ግን ወጥመድ አለው። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ የሆኑባቸውና ሁለት ሁለት ልጆች ያሏቸው 16 ቤተሰቦች አሉ እንበል። በአማካይ በ9ኙ የሚታመም ልጅ አይኖርም፤ በ6ቱ አንድ፣ በአንዱ ደግሞ ሁለቱም ይታመማሉ። ከ32 ልጆች የታመሙት 8፣ ማለትም ሩብ ናቸው። ይሁንና 9ኙ ጤነኛ ቤተሰቦች ወደ ክሊኒክ የሚሄዱበት ምክንያት የላቸውም። የክሊኒኩ መዝገብ የሚያሳየው 7 ቤተሰቦችን፣ 14 ልጆችንና 8 ታማሚዎችን ነው። ሩቡ ከግማሽ በላይ ሆነ።

ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ቫይንበርግ በ1912 ያቀረበው መፍትሔ ቀላል ነው፦ የታመመውን ልጅ ራሱን ትቶ ወንድምና እህቶቹን ብቻ መቁጠር። በምሳሌያችን 8ቱ ታማሚዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወንድም ወይም እህት አላቸው፤ ከእነዚህ የታመሙት ሁለት ናቸው። ከ8 ሁለት፣ ሩብ። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1934 እንዳሳየው፣ ስሌቱ ታማሚዎቹ በምን መንገድ ወደ መዝገቡ እንደገቡ ካላገናዘበ ውጤቱ ይዛባል።

ኡጋንዳ ውስጥ ስህተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ተከስቷል። በ1949 ሄርማን ሌማንና አላን ሬፐር ባሳተሙት ጥናት፣ በደጋማው ኪጌዚ ከ100 ሰው ተሸካሚው አንድ ገደማ ሲሆን በኮንጎ ድንበር ባሉት ባምባዎች ዘንድ ግን 45 ገደማ ነበር። በዚህ መጠን ከ5 ጥንዶች አንዱ ሁለቱም ተሸካሚ ናቸው፤ ከ100 አራስም 5ቱ ታማሚ ሊሆኑ ይገባል። በአዋቂዎች መካከል ግን ታማሚ እምብዛም አይታይም ነበር። ሕፃናቱ ቆጣሪ ሳያገኛቸው ይሞቱ ነበርና።

ገዳይ ዘረ መል እንዲህ የበዛው ለምን ይሆን? አንቶኒ አሊሰን በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ በካምፓላ አካባቢ ከተመረመሩ 43 ተሸካሚ ሕፃናት በ12ቱ፣ ተሸካሚ ካልሆኑት 247 ደግሞ በ113ቱ የወባ ተህዋስ መገኘቱን አሳየ። በመቶኛ 28 እና 46 መሆኑ ነው። ተሸካሚነት ከወባ ይከላከላል።

የተሻለው ቆጠራ የመጣው ከሌላ ምርመራ ትራፊ ነው። ከ2014 እስከ 2015 የካምፓላው ማዕከላዊ ላቦራቶሪ ለኤችአይቪ ምርመራ ከመላ አገሪቱ የተላኩለትን፣ ወረቀት ላይ የደረቁ 97 ሺህ ገደማ የሕፃናት የደም ጠብታዎች ለሲክል ሴልም መረመረ። ተሸካሚዎች 13.3 በመቶ፣ ታማሚዎች 0.7 በመቶ ሆኑ። ናሙናው የተወሰደው ሕፃኑ በሲክል ሴል ስለተጠረጠረ ስላልነበር የክሊኒኩ መዛባት እዚህ የለም። የተወለዱት እናቶቻቸው ኤችአይቪ ካለባቸው መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም።

የበሽታው ምልክቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ ነው። ቀድሞ የተለየ ሕፃን ፔኒሲሊንና የወባ መከላከያ መድኃኒት ከመታመሙ በፊት መጀመር ይችላል።