ስሙ ብቻ የቀረልን ጨዋታ

ዘንድሮ በዕረፍት ሰዓት የኳስ ተራ የማይደርሰን ተማሪዎች በዛፍ ጥላ ሥር እየተሰበሰብን ስንጫወት ከርመናል። በካርቶን ላይ መስመር እያሰመርን፥ ቆርኪውን ግማሹን በፊቱ ግማሹን በጀርባው እየደረደርን ዳማ ተጫውተናል፤ መሬት ቆፍረንም ገበጣ ገጥመናል። ካርታን ግን ለበዓል ቀን በየቤታችን ትተነዋል። ከጀጎል ውስጥም ከግንቡ ውጭም የምንመጣ ስለሆንን የቤታችን ቋንቋ ልዩ ልዩ ነው፤ በጨዋታው ላይ ግን ሕጉ አንድ ስለሆነ አስተርጓሚ አላስፈለገንም።

አንድ ቀን የሒሳብ መምህራችን ሰንጠረዥ እንድንሠራ ሲያዙን፥ ከመካከላችን አንዱ «ሰንጠረዥ እኮ ድሮ የጨዋታ ስም ነበር» አለ። እኛም ነገሩን መርምረን ያገኘነውን ለአንባቢ እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሰንጠረዥ የሀገራችን የቆየ የቼዝ ዓይነት ነው። ስሙ ከዐረብኛው «ሸጥረንጅ» ጋር ዘመድ ነው፤ የቃሉም ምንጭ በፋርስ በኩል እስከ ህንድ ይደርሳል። በጨዋታው ውስጥ ንጉሥ፥ ፈርዝ፥ ፈረስና ፊል የሚባሉ አሉ። «ፊል» ስንል ዐረብኛ የቀሩ ጓደኞቻችን ወዲያው «ዝሆን ነው» አሉን።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይህን መሰል ጨዋታ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። እኒህ ንጉሥ በ1529 በሽምብራ ኩሬ፥ ከሐረር በተነሡት በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ድል የሆኑት ናቸው።

መጫወቻው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን በላዩ መስመር ይሰፋበታል። የአጀማመሩ ሕግ ከዛሬው ቼዝ ይለያል፤ ይኸውም ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። ይህም «ወረራ» ይባላል። አንዱ የሌላውን ከበላ በኋላ ግን በየተራ ይሆናል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 በአንታሎ የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ አይቷል። በዙሪያው ያለው ሁሉ፥ አሽከሩ ሳይቀር፥ እየጮኸ ይመክር ነበር፤ ነገር ግን በዘዴ ራስ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር ይላል። እኛ ይህን ስናነብ ሣቅን፤ ከዚያም ታናናሾቻችን ለእኛ እንዲሁ ያደርጉ እንደ ሆነ እርስ በርሳችን ተጠያየቅን።

ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ሰንጠረዥም ስለ ገበጣም ታሪክ ጽፈዋል። ሁለቱ ጨዋታዎች ግን ዕድላቸው አንድ አልሆነም። እንደሚመስለን ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሰንጠረዥ የመኳንንት አዳራሽ ጨዋታ ስለ ነበረ፥ የተቀረጸ መጫወቻም ስለሚፈልግ፥ አዳራሹ ሲፈርስ አብሮ ተረሳ። ገበጣ ግን በአንዳንድ ቦታ በሁለት ረድፍ፥ በሌላው በሦስት ረድፍ ጉድጓድ ተቆፍሮ በጠጠር የሚሠራ ነውና እረኛም ተማሪም ጠበቀው። ጠጠሩን በየጉድጓዱ አንድ አንድ እያደረገ የሚዞር ልጅ ሳያውቀው ሒሳብ ይማራል።

ይሁን እንጂ ገበጣም ቢሆን ዋስትና የለውም። ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ከጉድጓዱ ይልቅ ስልክ ላይ የሚያጎነብሰው ይበዛል። ጨዋታ በመጽሐፍ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ የሚኖረው ግን ተጫዋች ሲኖረው ነው።

ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ ቀይ ጨርቅ ገዝተን መስመር ሰፋንበት፤ ንጉሡንና ፈረሱንም ከእንጨት ጠረብን። የመጀመሪያው ጨዋታ በወረራው ላይ «እኔ ቀድሜ በላሁ» በሚል ክርክር ቆመ። ሆኖም ተስፋ አልቆረጥንም፤ በሁለተኛው ጨዋታ ዳኛ አቆምን።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ከእናንተ መካከል የሰንጠረዥን ሕግ ከአያቶቹ የሰማ ቢኖር፥ ወይም የአካባቢውን የገበጣ አጫወት የሚያውቅ፥ ወደ ትምህርት ቤታችን መጥቶ እንዲያስተምረን እንለምናለን። ጨርቁ ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል።