ጭምብሉ ቅርስ ሆነ፣ አዋቂውስ?

የጃፓን መንግሥት አዋቂዎችን በአዋጅ ከከለከለ ከ110 ዓመት በኋላ፣ ከአዋቂ ቤት የወጣ ጭፈራን የአገር ቅርስ ብሎ መዘገበ። ነገሩ የሚጀምረው ከቤተ መንግሥት ነው።

ኦንምዮዶ ይባላል። ከቻይና የመጣ የኮከብ፣ የዘመን አቆጣጠርና የክፉ መንፈስ ዕውቀት ሲሆን በቤተ መንግሥቱ የራሱ መሥሪያ ቤት ነበረው። ንጉሡ በየትኛው ቀን ይውጣ፣ በየትኛው አቅጣጫ አይሂድ የሚሉት እነዚህ ሰዎች ነበሩ። የ10ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር አዋቂ አቤ ኖ ሴይሜይ አንዱ ነው። የእሱ ዘር የሆነው የጹቺሚካዶ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1683 በመላ አገሪቱ ለሚሠሩ አዋቂዎች ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን አገኘ። ፈቃድ ካለ ደግሞ ክፍያ አለ፤ ያው እንደምታውቁት ነው።

ከዚያ የሜይጂ ዘመን መጣ። አዲሱ መንግሥት በ1870 ኦንምዮዶን ከለከለ። በ1872 የተራራ መናኞቹን ሥርዓት አፈረሰ፣ በ1873 መንፈስ የሚያናግሩ ሴቶችን አገደ። ምክንያቱ ሥልጣኔ ነው ተባለ። የሚገርመው ግን ይኸው መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ የፀሐይ አምላክ ዘር ነው እያለ ማስተማሩን አላቆመም። እንግዲህ የተከለከለው እምነቱ ሳይሆን ከመንግሥት እጅ ውጭ ያለው እምነት ነበር ብል ተሳሳትክ የሚለኝ ያለ አይመስለኝም።

ፈቃድ ሰጪው ቤተሰብ ሥልጣኑን አጣ። ሺኮኩ በተባለችው ደሴት፣ በኮቺ ግዛት ተራሮች ውስጥ፣ ሞኖቤ በሚባል አገር ግን ኢዛናጊ ሪዩ የሚባለው ሥርዓት ቀጠለ። አዋቂዎቹ ታዩ ይባላሉ። ቀን እርሻቸውንና እንጨታቸውን የሚሠሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ሥራውን ከአባት ወይም ከመምህር በቃል ይማሩታል። አፈ ታሪካቸው ቴንቹሂሜ የምትባል ልዕልት ሕንድ ድረስ ሄዳ ጸሎቱን ኢዛናጊ ከተባለ መምህር ተማረች ይላል።

የታዩ ዋና መሣሪያ ቢላዋና ወረቀት ነው። ነጭ ወረቀት አጥፎ ይቆርጣል፤ ዓይንና አፍ ያለው ፊት ይወጣል። ለየመንፈሱ የየራሱ አቆራረጥ ስላለው ዓይነቱ ከ200 በላይ ነው። ከወረቀቱ ጎን የእንጨት ጭምብሎች አሉ። ጭምብሉ ለመንደሩ ሰው ጌጥ ወይም የተውኔት ዕቃ አይደለም፤ ራሱ አምላክ ነው፤ እንደ አምላክም ይፈራል።

ከታላቅ በዓል በፊት ቶሪዋኬ የሚባል ሥርዓት አለ። እኔ ከሁሉም የማደንቀው እሱን ነው። በቤቱና በመንደሩ የተከማቸው እርግማን፣ ቅናትና ቂም ሁሉ በጸሎት ተጠርቶ አንድ ቦታ ይሰበሰብና ተጠቅልሎ ይሸኛል። ያ ሳይጠራ አማልክት አይጋበዙም። በሺኮኩ እኛ ቡዳ እንደምንለው ያለ የውሻ መንፈስ ያድርባቸዋል የሚባሉ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር መጋባት ይፈራል። የታዩ ሥራ እንግዲህ እንዲህ ባለ መጠራጠር መሀል ገብቶ ሰዎች አብረው እንዲኖሩ ማድረግም ነበር።

የታሪክ ሚዛን የተዛባው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ1980 መንግሥት የመዘገበው ማይካጉራ የሚባለውን ጭፈራ ነው። ጭፈራው ያምራል፣ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ጎብኚ ያየዋል። በሽተኛ ቤት በሌሊት የሚደረገው ጸሎት፣ እርግማን የሚሸኝበት ሥርዓት ግን ለመድረክ አይመችም። እንደ ኮማትሱ ካዙሂኮ ያሉ ምሁራን ተራራ ወጥተው ከታዩዎቹ እግር ሥር ተቀምጠው ባይጽፉት ኖሮ ብዙው ከሽማግሌዎቹ ጋር በተቀበረ ነበር።

ወጣቱ ወደ ከተማ ወረደ። የሞኖቤ መንደር ራሱ በ2006 ከጎረቤቶቹ ጋር ተዋህዶ ካሚ ከተማ ተባለ። ጭፈራውን ማኅበር ተቋቁሞ ሊያስጠናው ይችላል። ቶሪዋኬን ለመምራት ግን ረጃጅሞቹን ጸሎቶች በቃሉ የያዘ ሰው ያስፈልጋል፤ ያን ለመያዝ ደግሞ ዓመታት መምህር ሥር መቀመጥ አለበት፤ ተቀማጩም አስተማሪውም ተመናመኑ።