«በተራራው ላይ ያለው እሳት»፦ የአንድ ተረት አመጣጥና ለትምህርት ያለው ጥቅም

በኢትዮጵያ ሕፃናት ከፊደል ገበታ አስቀድመው የሚያገኙት ትምህርት ተረት መሆኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን አንድ ተረት ወደ መማሪያ መጽሐፍ በሚገባበት ጊዜ ማን እንደ ተናገረው፣ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተነገረና መቼ እንደ ተጻፈ ሳይገለጽ የሚታለፍበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህም መምህሩ ተረቱን «የእኛ ብቻ» ወይም «ከውጭ የመጣ» ከማለት በቀር ለተማሪው የሚያስረዳው ያጣል። ሁለቱም አባባሎች ምን ያህል ከእውነት እንደሚርቁ «በተራራው ላይ ያለው እሳት» የተባለው ተረት ታሪክ ያስገነዝባል።

የተረቱ ይዘት በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። በአዲስ አበባ የሚኖር ሀብቶም የተባለ ባለጸጋ ነጋዴ፣ ሰው ራቁቱን ያለ እሳት በተራራ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማደር ይችል እንደ ሆነ ከአሽከሩ ከአርሃ ጋር ይወራረዳል። አርሃም የአንድ አዋቂ ሽማግሌን ምክር ሰምቶ፣ ከማዶ የነደደውን እሳት ትኩር ብሎ እያየ ያነጋል። ነጋዴው ግን እሳት አይተሃልና ውርርዱ ፈርሷል ብሎ ይከለክለዋል፤ ዳኛውም ይህንኑ ያጸናል። በኋላ ኃይሉ የተባለ ሰው ግብዣ አድርጎ ይጠራቸዋል፤ እንግዶቹም የወጡን መዓዛ እያሸተቱ ምግብ ሳይቀርብላቸው ይቆያሉ። ባጉረመረሙም ጊዜ፣ የሩቅ እሳት የሚያሞቅ ከሆነ የምግብ ሽታም ያጠግባል የሚል መልስ ያገኛሉ። በዚህም አርሃ የተወራረደበትን ይረከባል።

ተረቱ በሌላው ዓለም በሰፊው የታወቀው አሜሪካዊው ሃሮልድ ኩርላንደርና የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው በጋራ ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል እ.ኤ.አ. በ1950 በኒውዮርክ ከታተመ በኋላ ነው፤ መድበሉም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ተረት ነው። ኩርላንደር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኤርትራ፣ ጉራ በተባለው ስፍራ ሠርቷል። «ሀብቶም» የሚለው ስም በትግርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ ታሪኩ የሚፈጸመው ግን በአዲስ አበባ ነው። ከዚህም ተረቱ በአንድ ቋንቋ ወሰን ተገትቶ እንዳልኖረ መገመት ይቻላል። ከተማይቱ የተቈረቈረችው በ1879 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ አዲስ አበባን የሚጠቅሰው አተራረክ ከዚያ ሊቀድም አይችልም። ይህ ግን የአተራረኩን ዕድሜ ያመለክታል እንጂ የተረቱን ዕድሜ አይወስንም።

ዘመዶቹ በሌሎች አገሮችም ይገኛሉ። በቱርክ የሚነገረው ናስረዲን ሆጃ በብርድ ካደረ በኋላ የሩቅ መብራት አይተሃል ተብሎ ውርርዱን ሲከለከል፣ ለከልካዮቹ ድስት በሻማ ይጥድላቸዋል። በህንድም እ.ኤ.አ. ከ1556 እስከ 1605 የነገሠው የአክባር ባለሟል ቢርባል፣ ድስቱን ከእሳቱ በላይ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ለንጉሡ ፍርድ እንደ ሰጠ ይተረታል። የተረት አጥኚዎች ይህን ወገን በአርነና ቶምፕሰን ዝርዝር ውስጥ በ1262 ቍጥር መዝግበውታል። የሽታው ፍርድም የራሱ የሆነ ረጅም የዘር ሐረግ አለው። ፕሉታርክ የግብፁ ቦኮሪስ በሕልም ለተገኘ ደስታ የገንዘብ ጥላ ይከፈል ብሎ እንደ ፈረደ ጽፏል፤ ፈረንሳዊው ራብሌም እ.ኤ.አ. በ1546 ባሳተመው መጽሐፍ የጥብስ ሽታ በሳንቲም ድምፅ ሲከፈል አሳይቷል። የኢትዮጵያው ተረት የሩቁን እሳትና የሽታውን ፍርድ በአንድ ላይ ማጣመሩ ልዩ መልክ ይሰጠዋል።

ተረቱ በኢትዮጵያ ሥር ሊሰድ የቻለው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች በፈረስ፣ በበቅሎ ወይም በማር መወራረዳቸው የተለመደ ነበር። የደጋ ብርድ፣ የጌታና የአሽከር ግንኙነት፣ እንግዳን ጠርቶ ሳያበሉ መመለስ የሚያመጣው ነውር ሁሉ ለአድማጩ እንግዳ አልነበሩም። ስለዚህ የአንድ ተረት አመጣጥ ሁለት ጥያቄዎችን ይይዛል፤ አንደኛው ከየት ተነሣ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው የደረሰበት ሕዝብ ለምን ተቀበለው የሚለው ነው። ለክፍል ትምህርት የበለጠ ፍሬ የሚሰጠው ሁለተኛው ነው።

ለዚህም በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኘው ኮልፌ ቀራንዮ ጥሩ ምሳሌ ነው። የእንጦጦ ሰንሰለት ከአካባቢው ይታያል፤ ከነዋሪዎቹም መካከል ቤተሰቦቻቸው ከጉራጌ፣ ከኦሮሞ፣ ከአማራና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ብዙዎች ናቸው። የጉራጌን ተረቶች ሌስላው ራሱ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1982 አሳትሟል። በአንድ ክፍል ጎን ለጎን የተቀመጡ ሕፃናት አንዱን ተረት በየቤታቸው በተለያየ መልክ ሰምተውት ሊመጡ ይችላሉ። መምህሩ በመጽሐፍ የታተመውን አንዱን ብቻ ትክክለኛ ቢያደርገው፣ የሌሎቹ አያቶች የተናገሩት ስሕተት መስሎ ይታያል፤ ሕፃኑም ከቤቱ ያመጣውን እውቀት ማፈርን ይማራል።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለአፍ መፍቻ ቋንቋዎች በር ከከፈተ ወዲህ ይህ ጉዳይ ይበልጥ ክብደት አግኝቷል። በመሆኑም የመጻሕፍት አዘጋጆች ከእያንዳንዱ ተረት ጋር የተነገረበትን ቋንቋ፣ ስፍራና የተመዘገበበትን ዓመት ቢያሰፍሩ፣ መምህራንም ተማሪዎች ከየቤታቸው የሰሙትን አምጥተው እንዲያነጻጽሩ ቢያደርጉ፣ ተረት ከንባብ ማለማመጃነት አልፎ የታሪክና የማመዛዘን ትምህርት ይሆናል። ሽማግሌዎቹ እያሉ ያልተመዘገበ አተራረክ ከእነርሱ ጋር አብሮ የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ ሥራው ለሌላ ጊዜ የሚተላለፍ አይደለም።